አቧራ የማይጠግብ መጋረጃ

አቃቂ ቃሊቲና አካባቢው ብላይንድ የተሰቀለበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ምሬት አለበት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቡ፣ ገላን ግቡ፣ ኮዬ ፈጬ ግቡ፣ ቃሊቲ ማሠልጠኛ አካባቢ ካሉት የግል ቤቶች አንዱን አንኳኩ፤ እመቤቲቱ ጣቷን በብላይንዱ ላሜራ ላይ አሳልፋ የጠቆረውን ጫፉን ታሳያችኋለች። «ትናንት እኮ ነው የወለወልኩት!» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔም ትናንት ወልውያለሁ፤ ከላያችን ያለችውም ወልውላለች፤ ምድር ቤት ያሉት እናትም በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወንበር ላይ ወጥተው ወልውለዋል። ዛሬ ጠዋት ሁላችንም እንደገና ጨርቅ ይዘናል።

ስለዚህ ነገር ልቅሶ ቤት እናወራለን፣ ዕድር ላይ እናወራለን፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን እናወራለን። ቁም ነገር ነው ብሎ የሚያነሣው ግን የለም። የኑሮ ውድነት ይነሣል፣ የትራንስፖርት ችግር ይነሣል፣ የመብራት መጥፋት ይነሣል፤ አቧራ ሲሆን «የሴት ወሬ» ተብሎ ይታለፋል። ቅዳሜን ሙሉ የሚበላ፣ ወገብ የሚቆርጥ፣ በመከራ የተጠራቀመ ውሃ የሚጨርስ ሥራ እንዴት ተራ ወሬ ይሆናል? እኔ ታክቶኛል። እንደታከተኝ ልናገር።

ድሮ በየቤታችን የነበረው የጨርቅ መጋረጃ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ይወርድና ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። እስከሚቀጥለው በዓል የሚነካው የለም። ብላይንድ በዚያን ጊዜ የቢሮ ዕቃ ነበር፤ ባንክ፣ ክሊኒክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስንገባ ነበር የምናየው። ወደ መኖሪያችን በብዛት የገባው ኮንዶሚኒየም ከተስፋፋ በኋላ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣባቸው ኮዬ ፈጬ ከሳይቶቹ አንዱ ነበር። ያንን ቤት የተረከበ ሰው ሁሉ መስኮቱን የሚከልልበት ነገር ያስፈልገዋል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም መጋረጃ ያፍነዋል። ብሎኩ ከብሎክ ጋር ፊት ለፊት ስለተያየ ያለ መከለያ ልብስ መቀየር እንኳ አይቻልም። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ደግሞ ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ያቃጥላል። ብላይንድ በካሬ ሜትር ተለክቶ ይመጣል፣ ልክ መስኮቱን ያህላል፣ ሲፈለግ ብርሃን ያስገባል፣ ሲፈለግ ይዘጋል። የሰቀለውን ሰው አልወቅስም፤ ምክንያት አለው። ሲሸጥለት ግን በዚህ አገር አየር ውስጥ እንዴት እንደሚጸዳ የነገረው የለም።

ሥራውን ለማያውቀው ሰው ልንገረው። ከሁሉም የከፋው አግድም የተደረደረው የአልሙኒየም ላሜራ ነው። የተለመደው ላሜራ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ እርስ በእርሱ ትንሽ እየተደራረበ ስለሚቀመጥ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ መስኮት 70 ያህል ላሜራ ይይዛል። እያንዳንዱ ላሜራ የላይ ፊትም የታች ፊትም አለው። ይህ ማለት ለአንድ መስኮት 140 ጊዜ ያህል ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ማሳለፍ ነው። ሳሎኑ ሁለት መስኮት ካለው፣ መኝታ ቤቱ ከተጨመረ፣ ወጥ ቤቱ ከተጨመረ፣ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ደግሞ ሁሉም ላሜራ ተዘርግቶ የተቀመጠ መደርደሪያ ነው፤ አቧራ የሚያርፍበትን ቦታ ራሱ ደርድሮ ይጠብቀዋል።

በእርጥብ ጨርቅ የሚጀምር ሰው ጭቃ ያቦካል፤ ይህን አካባቢያችን ላይ የኖረ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ላሜራዎቹን ወደ አንድ ወገን ዘግቶ በደረቅ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ማራገፍ ነው። ከዚያ ወደ ሌላው ወገን ገልብጦ መድገም። ይህን ሲያደርጉ አቧራው ወዴት ይሄዳል? ፊት ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ አልጋ ላይ። ስለዚህ አልጋው ይገፈፋል፣ ሶፋው ይሸፈናል፣ ራስ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ነው የላርጎ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ የተደረገበት ለብ ያለ ውሃ የሚመጣው። አሮጌ ካልሲ እጅ ላይ አጥልቆ፣ ነክሮ፣ በደንብ ጨምቆ፣ አንዱን ላሜራ በሁለት ጣት መሐል ይዞ መሳብ። ገመዱ የሚያልፍባት ቀዳዳ ዙሪያ ጨርቁ አይደርስም፤ በጥጥ ወይም በጥርስ ብሩሽ ይፈለፈላል። የላሜራው ጫፍ ስለት ስለሆነ ጣት ይቆርጣል። ጠበቅ አድርገው ከያዙት ይታጠፋል፤ አንዴ የታጠፈ ላሜራ ደግሞ ቢያቃኑትም መስመሩ አይጠፋም። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አልቅልቆ ማድረቅ አለ፤ አለዚያ የሳሙናው ቅሪት ተጣባቂ ሆኖ ይቆይና የነገውን አቧራ የባሰ ይይዛል።

ቁልቁል የሚንጠለጠለው የጨርቅ ብላይንድ ይሻላል ይላሉ። አቧራ ቆሞ በሚወርድ ነገር ላይ ብዙም አያርፍም፤ ይህ እውነት ነው። ግን በየጥብጣቡ ግርጌ የተሸጎጠች ክብደት አለች፣ ክብደቶቹን እርስ በእርስ የምታያይዝ ቀጭን ሰንሰለት አለች፣ ከላይ የምትይዘው ፕላስቲክ አለች። ልጅ አንዴ ሲጎትተው ፕላስቲኳ ትሰበራለች። የተሰበረችውን ፍለጋ መርካቶ ድረስ መውረድ ነው፤ «ሞዴሉ ሌላ ነው» ተብሎ ባዶ እጅ መመለስም አለ። ማጠብ የፈለገ ደግሞ ጨርቁ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የተቀባው ማጠንከሪያ በሙቅ ውሃና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ይበላሽበታል፤ ጥብጣቡ ተጠምዝዞና ተሸብሽቦ ይወጣል። አሁን በየቤቱ የገባው ዜብራ የሚሉት ባለ ሁለት ድርብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አቧራው በሁለቱ ጨርቆች መሐል ይገባል። ከፊት ቢጠርጉት ከኋላ አለ፣ ከኋላ ቢጠርጉት መሐል አለ። በእርጥብ ጨርቅ ከነኩት ነጩ መስመር ላይ ካርታ ይሠራል። ማራገፍና በመጥረጊያ ማሽን መምጠጥ ብቻ ነው የሚፈቅደው። መጥረጊያ ማሽን ስንቶቻችን ቤት አለ? ያለን ጊዜስ መብራቱ ቅዳሜ ጠዋት ይኖራል?

የወጥ ቤቱን ብላይንድ ለብቻው ማንሣት አለብኝ፤ ያ ሌላ ዓይነት ቆሻሻ ነው። የእኛ ወጥ የሚጀምረው በቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ዘይት ይጨመራል፣ በርበሬው ይቁላላል፣ ለረጅም ጊዜ እሳት ላይ ይቆያል። ያ ተንኖ የሚወጣ ዘይት የሆነ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት፤ የሚያርፈው መስኮቱ ላይ ነው። ቡና ሲቆላ ጭሱ ይጨመርበታል፣ ዕጣን ይጨመርበታል፣ መብራት በጠፋ ቀን ከሰል ይጨመርበታል። ዘይቱ ከውጭ የገባውን አቧራ ይዞ ላሜራው ላይ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ይህ በደረቅ ጨርቅ አይነሣም፣ በውሃም አይነሣም። ላርጎውን በሙቅ ውሃ አድርጎ፣ አውርዶ፣ በትልቅ ሳፋ ዘፍዝፎ፣ ትንሽ ቆይቶ በስፖንጅ ማሸት ነው መድኃኒቱ። በረኪና የሚጨምሩ አሉ፤ አትጨምሩ፤ ገመዱን ያሳሳል፣ የላሜራውን ቀለም ይልጠዋል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጣል።

ሳፋውን የሚሞላው ውሃስ? እዚህ ላይ ምሬቴ ይበዛል። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከከርሰ ምድር ነው፤ ከከርሰ ምድሩ ትልቁን ድርሻ የያዙት የአቃቂ ጉድጓዶች ናቸው። ውሃው ከእግራችን ሥር ተስቦ ወደ ከተማው ይወጣል። የእኛ ቧንቧ ደግሞ ፈረቃ ይጠብቃል። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ከሆነ ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን መሙላት ነው። የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ያለው ብሎክ ይሻላል፤ ግን ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ላለው ደግሞ ግፊቱ አይደርስም። በጀሪካን ወደ ላይ የወጣ ውሃ መጀመሪያ ለመጠጥ፣ ከዚያ ለወጥ፣ ከዚያ ለልጆች ገላ፣ ከዚያ ለልብስ፣ ከዚያ ለሽንት ቤት ነው። መስኮት የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይደርሰውም። እኛ ብሎክ ላይ ሴቶቹ የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ አስቀምጠው የመስኮት ላሜራ ያጥቡበታል። ንጹሕ ውሃ ለአቧራ ማፍሰስ ኃጢአት ሆኖ የሚሰማው ሰው ይህን ሲሰማ ይገባዋል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ አቧራ ከየት ነው የሚመጣው? ከቤታችን አይደለም። ቤታችንን ጠርገናል። የሚመጣው ከመንገዱ ነው፣ ከሜዳው ነው፣ ከግንባታው ነው።

አቃቂ ቃሊቲ የአገሪቱ ደጃፍ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚሁ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው፤ ፋብሪካዎቹና መጋዘኖቹም የሐዲዱንና የደብረ ዘይትን መንገድ ተከትለው ነው እዚህ የተተከሉት። ዛሬም አብዛኛው የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው፤ ወደ ዋና ከተማዋ የሚገባው ጭነት ደግሞ በእኛ በኩል ነው የሚገባው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ተሳቢው፣ የነዳጅ ቦቴው፣ የጉምሩክ ተራ የሚጠብቀው ኮንቴይነር የጫነ መኪና፣ ሁሉም ናፍጣ እያጨሰ በመስኮታችን ፊት ያልፋል። ናፍጣው የሚተወው ጥላሸት ነው። ላሜራው ላይ ያለው አቧራ በጣት ሲታሽ ቀይ ወይም ግራጫ ብቻ ሳይሆን ጥቁር ሆኖ የሚወጣው፣ ጨርቁም በአንድ እጥበት የማይለቀው በዚህ ጥላሸት ምክንያት ነው።

መሬቱም አይምረንም። የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር ነው፤ ለጤፍ የተመሰገነ አፈር። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ አይለቅም። በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ጎማ ሲሄድበት ይደቃል፣ ነፋስ ያነሣዋል። ክረምቱን ሙሉ በጎማና በጫማ ወደ አስፋልቱ የተጎተተው ጭቃ ጥቅምት ላይ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሰፈር ይሻላል፤ ግን በድንጋዮቹ መካከል የተሞላው አሸዋ ውሎ አድሮ ይወጣና እሱም ይቦናል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ደግሞ ብዙው ገና ጠጠር ነው። ከቃሊቲ አደባባይ እስከ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ያለው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሲሠራ የነበረውን ጊዜ በዚያ መስመር የኖረ ሰው አይረሳውም። አስፋልቱ ተነሥቶ፣ ተቆፍሮ፣ መኪናው በጎን በጎን በአፈር ሲሄድ ሱቆች ዕቃቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው ነበር የሚሸጡት። መንገድ መሠራቱን ማንም አይጠላም፤ እኛም ለምነን የመጣ መንገድ ነው። በቦቴ ውሃ ማርከፍከፍ ግን የመንገድ ሥራ አካል መሆን አለበት። ስንት ቦታ ይደረጋል?

አሸዋና ጠጠር የጫነው ገልባጭ መኪናስ? ሸራ አይሸፍንም። እየበተነ ይመጣል፣ እየበተነ ይሄዳል። የበተነውን ተከታዩ መኪና ይፈጨዋል። ንጋት ላይ የጎዳና ጽዳት ሴቶች በደረቅ መጥረጊያ ሲጠርጉት ይነሣና እነሱ መጀመሪያ ይተነፍሱታል፣ ቀጥሎ እኛ። እነዚያ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ አስረው በዚያ አቧራ ውስጥ ሲሠሩ ሳይ የእኔ መስኮት ምሬት ያንሰኛል። ግን የሁለታችንም አቧራ አንድ ነው፤ የመጣውም ከአንድ መኪና ነው።

ከዚያ ደግሞ ፊኒሺንግ አለ። ኮንዶሚኒየም የምንረከበው ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ስሚንቶ ሆኖ ነው። ያለው ሰው ወዲያው ያሠራል፤ የሌለው ገንዘብ ሲያገኝ ያሠራል። ይህም ፍትሐዊ ነው፤ ማንም ቤቱን ማሳመር ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ብሎክ ላይ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ጂፕሰም መሞረድና ሴራሚክ መቁረጥ ዓመቱን ሙሉ አያባራም። ግራይንደሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ በደረቁ ይቆርጣል። ነጭ ደመና በደረጃው ወጥቶ በየበሩ ሥር ይገባል። የስሚንቶና የሴራሚክ ብናኝ እንደ ሌላው አቧራ አይደለም፤ ላሜራ ላይ አርፎ እርጥበት ከነካው ይጋገራል። አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ሠራተኞቹን ልትለምን ወረደች። «ወንድሞቼ፣ ትንሽ ውሃ እያፈሰሳችሁ ብትቆርጡት ምናለ? አስም ያለበት ልጅ አለኝ» አለቻቸው። «እሺ እህቴ፣ ዛሬ ብቻ ነው፣ እንጨርሳለን» አሏት። በትሕትና ነው የመለሱላት። ሥራው ግን በዚያው ቀጠለ።

አቧራው እንዲህ በዝቶ በዝግ መስኮት ለምን ይገባል የሚል ይኖራል። የመስኮቶቻችን ፍሬም ኤልቲዜድ የሚባለው ብረት ነው፤ እዚሁ ቃሊቲ ባሉ የብረታ ብረት ፋብሪካዎችም ይመረታል። ብረቱ ራሱ መጥፎ አይደለም። ግን ሲበየድ ይጣመማል፣ በፀሐይ ይሰፋል፣ በብርድ ይጠባል፣ በመዝጊያውና በፍሬሙ መካከል የሚገባ ጎማ ብዙ ጊዜ አይደረግለትም። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ ይረግፋል። ነፋስ ሲነፍስ በዚያ ክፍተት ሲያፏጭ ይሰማል። ክፍተቱን በስፖንጅ ወይም በጎማ የደፈነ ሰው ግማሽ ያህል ዕረፍት አግኝቷል፤ ይህን ከሁሉ በፊት ብታደርጉ ከየትኛውም ሳሙና ይበልጣል።

ስለ አቧራ ሳስብ ኅዳር 12ን ሳላነሣ አላልፍም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ፈጅቷታል፤ የኅዳር በሽታ የምንለው ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። አባቶቻችን ያቃጠሉት ገለባ፣ ቅጠልና የበሰበሰ ጥራጊ ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የመኪና ጎማ ነው። በዚያ ምሽት መስኮት ዘግተን ብንቀመጥም ጠዋት ላሜራው ላይ ቅባት ያለው ጥቀርሻ እናገኛለን። ልማዱን አከብራለሁ፤ የታሰበው ለጤና ነው። ለዚያው ለጤና ሲባል ጎማና ፕላስቲክ ከክምሩ ውስጥ ቢወጣ ልማዱ ምን ይጎድልበታል? ጥራጊው ይጠረግ፣ ይሰብሰብ፣ ለቆሻሻ መኪና ይሰጥ።

ይህን ሁሉ የምለው መስኮቴ እንዲያምር ብቻ አይደለም። ላሜራው ላይ ያረፈው ብናኝ ሳያርፍ በፊት አየር ላይ ነበር፤ ያረፈው ታይቶናል፣ ያላረፈውን ተንፍሰነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት እጅግ ደቃቅ የሆነው ብናኝ፣ ማለትም ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠው፣ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። የአዲስ አበባ አየር ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጆቻችንን ሳል ከጥቅምት እስከ ጥር የማይለቃቸው ለምን እንደሆነ ከጤና ጣቢያ ወረፋው በላይ የሚነግረን የለም።

ብላይንዱም ራሱ ሁልጊዜ ንጹሕ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን ከውጭ በገቡ ርካሽ የፕላስቲክ ብላይንዶች ላይ እርሳስ አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ፕላስቲኩ ቶሎ እንዳይበላሽ የተጨመረ እርሳስ ነበር፤ ፀሐይና ሙቀት ላሜራውን ሲያደርቁት ወደ ብናኝነት እየተለወጠ ፊቱ ላይ ይቀመጣል፣ ልጅ ነክቶ ጣቱን ወደ አፉ ሲወስድ ይገባል። ኮሚሽኑ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት እነዚያን ብላይንዶች እንዲያወርድ መክሮ ነበር። ከዚያ በኋላ አምራቾች እርሳሱን ማውጣት ጀመሩ። እኛ ጋ ስለ ብላይንድ ሲወራ ቀለሙ ይጠየቃል፣ ዋጋው ይጠየቃል፤ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ሕፃን ያላት እናት ግን ትጠይቅ። ፀሐይ አድርቆት የተሰነጣጠቀ አሮጌ የፕላስቲክ ብላይንድ ካላት መወልወሉን ትታ ታውርደው።

ሥራው የማን ሆነ? የሴቶች ነው። የቤት እመቤት ከሆነች የእሷ፣ ተቀጣሪ ከሆነች ከሥራ መልስ የእሷ፣ የቤት ሠራተኛ ካለች የዚያች ከገጠር የመጣች ልጅ። ብዙ ጊዜ መስኮት ላይ ወጥታ የምናያት እሷን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ እግሯ ወንበር ላይ፣ አንድ እግሯ የመስኮት ደፍ ላይ። ልጅቱን ለማዘዝ የሚከፈት አፍ «ተጠንቀቂ፣ ውጭውን ተይው» ለማለትም ይከፈት። ብላይንዱን አውርዶ ወለል ላይ አንጥፎ ማጽዳት ጊዜ ይወስዳል፣ ነፍስ ግን አያስይዝም። ባሎችና ወንድሞችም ቁመት አላቸው፤ የብላይንዱን የላይኛውን ሐዲድ ማውረድና መስቀል ለእነሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጨርቅ መያዝ ያማቸዋል ብዬ አላምንም።

ለምንጣፍ አጣቢ አለ፣ ለሶፋ አጣቢ አለ፤ ሰፈራችን ውስጥ መኪና አጣቢው ራሱ ምንጣፍ ያጥባል። ብላይንድ ይዛችሁ ብትሄዱ «ይሄን እንኳ አንችልም፣ ቢበላሽ እንጠየቃለን» ይላሉ። የሸጠውም ሰው ከሰቀለ በኋላ ስልክ ቢደወልለት «አዲስ ይሻልሻል» ነው መልሱ። አዲሱም ያው አቧራ ውስጥ ነው የሚሰቀለው። የተከራየ ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ቤቱን ሲለቅ ጠቁሮ ያገኘውን ብላይንድ ነጭ አድርጎ ካላስረከበ ከቀብዱ ይቆረጥበታል። ሰባት ዓመት የናፍጣ ጥላሸት የጠጣ ጨርቅ በአንድ ቀን እጥበት ይነጣል?

አሁን ቤቱን የሚያሠራ ዘመድ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ነው፦ ወደ ዋናው መንገድ ለሚያየው መስኮት የሚታጠብ የጨርቅ መጋረጃ አድርግ፤ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ከአንዲት አጭር ጨርቅ በቀር ምንም አትስቀል፤ ብላይንድ የግድ ካልክ ወደ ውስጠኛው ግቢ ለሚያየው አድርገው፣ እሱም ሊወርድ የሚችል ይሁን፣ የመስኮቱን ጎማ አስቀድመህ አስገባ።

ይህ ግን እኛ ከአቧራው የምንሸሽበት ዘዴ ነው፤ አቧራውን አይቀንሰውም። የሚቀንሱት ነገሮች ይታወቃሉ፣ ውድም አይደሉም። አሸዋ የጫነ መኪና ሸራ ይሸፍን፤ ሳይሸፍን ሲያልፍ ያየው ትራፊክ ያስቁመው። የተቆፈረ መንገድ እስኪነጠፍ ውሃ ይርከፍከፍበት፤ ለዚያ የሚሆን ውሃ ከመጠጥ ውሃ መምጣት የለበትም፣ ቃሊቲ ውስጥ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፣ ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ አቧራ ለማፈን ይበቃል። ግንባታ ያለበት ቦታ በመከለያ ይከለል። እኛም በበኩላችን በብሎክ ስብሰባ ላይ ፊኒሺንግ የሚያሠራ ሰው ሴራሚኩን በውሃ እንዲያስቆርጥ፣ ጂፕሰም ሲሞርድ በሩን ዘግቶ በእርጥብ ጆንያ እንዲደፍን፣ ደረጃውንም በዚያው ቀን እንዲያጥብ መወሰን እንችላለን። ባለፈው ስብሰባ ላይ ይህ ሲነሣ «ስለ ፓምፑ እንጨርስ መጀመሪያ» ተብሎ ታለፈ። በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ አለ። ምድር ቤት ያሉት እናት፣ አስም ያለበት ልጅ ያላት ጎረቤቴና እኔ አጀንዳው ከፓምፑ በፊት እንዲያዝ አስመዝግበናል።